ከዝርዝሩ ውጭ የነበረው ሥር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዕለት አሜሪካ፣ ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ፣ በእትዬ አስካለ አፓርታማ ውስጥ አራት ነበርን። እሳቸው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ፣ ልጃቸው ሮማን ኩሽናው በር ላይ፣ አስታማሚ አድርጎ የቀጠረኝ ድርጅት አሜሪካዊት ነርስ ጠረጴዛው አጠገብ፣ እኔ ኮቴን ሳላወልቅ መግቢያው ጋ።

ነርሷ ሥራዬን ነገረችኝ። አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ክኒን በሰዓቱ አስታውሳለሁ። ሐኪም ካዘዘው የመድኃኒት ዝርዝር ውጭ የሚዋጥ ነገር ካየሁ የቀን መዝገቡ ላይ ጽፌ እደውላለሁ።

«ይቺ ልጅ ጠንካራ ትመስላለች» አሉ እትዬ አስካለ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ታላቅ ወንድማቸው አገር ቤት አረፉ፤ እሳቸውም እንቅልፍ አጡ። ሮማን አሽዋጋንዳ የሚባል የህንድ ሥር በእንክብል አመጣች።

«ስትረስ ይቀንሳል፣ ናቹራል ነው። ሶ፣ መዝገቡ ላይ ባይጽፉት ጥሩ ነው። ነርሷ ነገር ታበዛለች» አለችኝ።

አልጻፍኩም። እውነቱን ለመናገር ጠቀማቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይተኙ ጀመር፤ ተረባቸውም ተመለሰ። «ወጡ ጨው የለውም። ባሕሩ እዚሁ ነው፣ ሄደሽ ቀድተሽ ነይ» ይሉኛል።

ነርሷ ለወሩ ጉብኝት መጥታ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ምንም» አሉ።

አልዋሹም። ዳማከሴ አሽቶ የጠጣ ሰው ለሐኪም መድኃኒት ወሰድኩ አይልም። እኔ ግን መመሪያውን ተምሬአለሁ። ትልቅ ሰው በባዕድ ፊት ማረም ነውር መሰለኝና «ምንም» ብዬ ተረጎምኩ።

ከወር በኋላ ፊታቸውን ሳጥብ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኖ አየሁ። ያን ጊዜ ለነርሷ ደወልኩ። ሐኪሙ ጉበታቸው መጎዳቱን ነገረን። ሥሩ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ከሌላ ክኒን ጋርም ሊጋጭ እንደሚችል አስረዳን። እንክብሉ ቆመ፤ ቀስ በቀስ ዳኑ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ነርሷ ጠራችን። አራታችንም እንደ መጀመሪያው ቀን እዚያው ቤት ነበርን።

«እኔ ሥራ ነው የምውለው። በየቀኑ እዚህ የነበሩት እሳቸው ናቸው» አለች ሮማን ወደ እኔ እያመለከተች፣ በእንግሊዝኛ። ነርሷ መዝገቡን ገለጠች። በእኔ እጅ ስለ እንክብሉ የተጻፈ አንድ ቃል የለም።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ምንም ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው። እንክብሉን ማን እንዳመጣው ያውቃሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሥርም ይሁን ቅጠል፣ የሚዋጥ ሁሉ ይጻፋል።

የቤታቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።