ደህና የዋለችበት ቀን

ጸጉር ቤቷ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ከልጇ ጋር የምትኖርባት ክፍል። እጇ ቀላል ነው ይባልላታል። ጨዋታም ታውቅ ነበር፤ ደንበኛዋን እያሳቀች ነው ጸጉር የምታጥበው። ዝምታ ያበዛችው ልጇን ሚጡን ከትምህርት ቤት ካስቀረች ወዲህ ነው።

ሚጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኦቲዝም እንዳለባት የታወቀው ገና ድክ ድክ ስትል ነበር። አባትየው ያን ሰሞን ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሚጡ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የሰው ቃል ግን እንዳለ ነው የምትወስደው። «መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው ከቆየባት በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። መጣሁ ብሏላ! ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም «መጣሁ» አይልም፤ «ሄጄ እመለሳለሁ» ነው የሚባለው።

ትምህርት ቤቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩበትም። ደወሉ ግን የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ በተመታ ቁጥር ሚጡ የእጇን አንጓ ነክሳ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ልጆቹ ወንበር እየጎተቱ ሲወጡ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። አንድ ቀን በሩን ክፍት አገኘችውና አስፋልቱ መሀል ገባች። አንድ ጎማ ጠጋኝ ነው ከመኪና ፊት መንጭቆ ያወጣት። ከዚያ በኋላ እናትየው አልላከቻትም።

የትምህርት ቢሮ ደጅ መጥናት የጀመረችው ያኔ ነው። «ልጄ ትማር፤ ግን ቤቷ ሆና። አስተማሪ መድቡልኝ» ነው የምትለው። እንዲህ ያለ አሠራር እንዳለ ከአንዲት ደንበኛዋ ሰምታለች። ቢሮው ግን አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ነገ ተመለሺ። በስንት ልመና አንዲት ባለሙያ ቤት ድረስ መጥተው ልጅቷን እንዲያዩ ተወሰነ።

ባለሙያዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴትዮ ናቸው። የመጡ ዕለት ሚጡን ምን እንደነካት እንጃ፣ ደህና ዋለች። የጸጉር መጠቅለያ ቢጉዲኖቹን በየቀለማቸው ደረደረች። ከዚያ የጸጉር ቀለም ካርቶን አነሳችና ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ባለሙያዋ መደመርና መቀነስ ጠየቋት፤ ፊታቸውን ሳታይ መለሰች። ካስኩ ሥር አንዲት ደንበኛ ተቀምጣ ነበር፤ ሚጡ ጆሮዋን እንኳ አልያዘችም። እናትየው በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች።

«ማን አስተማራት?» አሉ ባለሙያዋ።

«እኔው ነኝ፣ እጄ ሲያርፍ። ግን የእኔ እውቀት እዚህ ላይ አለቀ። አሁን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋታል።»

«ጎበዝ ናት እኮ! እንዲህ ያለችን ልጅ ቤት ማስቀረት ግፍ ነው። የማሽኑ ጩኸት ምንም አላላትም፤ ደወሉንም ትለምደዋለች።»

«ኧረ እባክዎ! ካስኩ እኮ አንድ ዓይነት ነው የሚያጉተመትመው። ደወሉ ድንገት ነው። እዚያ ስትሄድ ሌላ ልጅ ነው የምትሆነው።»

«እህቴ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው» አሉ ሳይቆጡ።

ውሳኔው ሳይቆይ መጣ። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ትመለስ፤ ካልሆነ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

የእናትየው ታላቅ ወንድም በያጅ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀልድ የማይወጣ ሰው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ይሄ ምን ይባላል ጋሼ?» አለችው። «ልጄ ደህና ስለዋለች ተቀጣች።»

«ያየነውን ነው የምንጽፈው አይደል ያሉሽ? እንግዲያው አሳዪያቸው።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ጨካኝ ብላ ሰድባ አስወጣችው። ሰንብታ ግን ሌላ መላ ስታጣ ባለሙያዋ ጋ ደወለች። «ሰኞ ጠዋት እመልሳታለሁ። እርስዎም በኋላው በር ላይ ይገኙልኝ።»

ሚጡ የትምህርት ቤቱን መንገድ ካየች እግሯ አይነሳም። ስለዚህ «አጎትሽ ጋ ነው የምንሄደው» አለቻት። ሚጡን ዋሽታት አታውቅም። ሚጡ ሳትጎተጎት ጫማዋን አደረገች።

በኋላ በር በኩል ባለው ቅያስ ዞረው ደረሱ። የግቢውን ግንብ ስታይ ሚጡ ቆመች። «አጎቴ ጋ» አለች። «አጎቴ ጋ፣ አጎቴ ጋ።» ከዚያ ደወሉ ተመታ። ሚጡ መሬት ላይ ወደቀች፤ አንጓዋን ነከሰች፤ ግንባሯን ከብረት በሩ ጋር አላተመች። ባለሙያዋ መዝጊያው አጠገብ ቆመዋል፤ ተማሪዎች ከበው ያያሉ። እናትየው በአንዴ አንስታ አቅፋ መሮጥ ትችል ነበር። እጇን ግንባሯና ብረቱ መሀል አስገባች እንጂ አላነሳቻትም። ቀና ብላ የባለሙያዋን ፊት ታይ ነበር፤ ይበቃቸው እንደሆነ።

«በቃ! በቃ፣ ይውሰዷት!» አሉ ባለሙያዋ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ያዩትን ይጽፋሉ አይደል?» አለች እናትየው። ያን ጊዜ ነው ያቀፈቻት።

ተፈቀደላት። አንዲት ረጋ ያለች አስተማሪ ጠዋት ጠዋት ትመጣ ጀመር። ሚጡ ግን አትናገርም። የነበሯት ጥቂት ቃላት በዚያ በር ላይ የቀሩ ይመስል ነበር። እናቷ «ሱቅ ነው የምንሄደው» ስትላት የበሩን እጀታ ጨብጣ ትቀራለች። አስተማሪዋ አላስቸገረቻትም። ሚጡ አልጋ ሥር ስትገባ እሷም ወለሉ ላይ ጋደም ብላ፣ ለራሷ እንደምታነብ ሁሉ ቀስ እያለች ታነባለች። ሳምንታት እንዲያ አለፉ።

«ታገሺ፣ ትመለሳለች» አለቻት አስተማሪዋ አንድ ቀን ቡናማ ቦርሳዋን እያነሳች። «ችግሩ ፈቃዱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው። ያኔ ከቢሮው መጥተው እንደገና ያዩዋታል፤ ደህና ካገኟት አያድሱልሽም።»

 እናትየው መጥረጊያ አንስታ የጠረገችውን ወለል ደግማ ጠረገች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር እየጠቀለለች ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ የአስተማሪዋ መሰላት። የሚጡ ነው። ቃል በቃል፣ እየተንተባተበች፣ ታነባለች። እናትየው ማበጠሪያውን ጣለች፤ እንባዋ መጣ። ወዲያው ግን ሮጣ ሄዳ የመንገዱን በር ዘጋች።

«ምነው ዘጋሽው? በዚህ ሙቀት?» አለች ደንበኛዋ።

«ነፋስ ገባ» አለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እንደቆመች።