የዝሆን ቀለብ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እኔ አልረሳሁም፤ ልርሳ ብዬም አልሞከርኩም።

ያደግኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ቀዩን አፈር በባዶ እግሬ ስረግጥ ኖሬ ገና በልጅነቴ እግሮቼ አበጡ። በሽታውን አገሩ ሁሉ ዝሆኔ ይለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ግን ያኔ ማን ይህን ሰምቶ! ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ባለጸጋ ገበሬ ልጃቸውን ሲድሩ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ከእኩዮቼ ጋር ገበታ ቀርቤ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳልጎርስ፣ ሰውየው ክንዴን ይዘው አስነሱኝና ከዳሱ ውጭ ለብቻዬ አስቀመጡኝ።

«ለመሆኑ ዝሆን ምን ትበላ ኑሯል? እስቲ ሳር እጨዱላት!» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ሞላ። እናቴ አቀርቅራ ቀረች። ከዚያ ቀን ወዲህ በየድግሱ ሳህኔ ለብቻው ሆነ፤ ከእኔ ጋር እጁን ወደ አንድ ገበታ የሚሰድ ጠፋ።

ፍኖተ ሰላም መጥቼ ስታከም፣ እግራችንን መድኃኒት ውሃ ውስጥ የምንዘፈዝፍበት ክፍል ቴሌቪዥን ነበረው። አንድ ቀን ስለ ዝሆን ያሳያል። ሌላው በሽተኛ ፊቱን አዞረ፤ እኔ ዓይኔን ተከልኩ። የዱሩ ዝሆን ሳሩን በኩምቢው ይነቅላል፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ የዛፍ ልጥ ይልጣል፣ ጨው ሲያምረው አፈር ቆፍሮ ይበላል። ይህን ሁሉ የሚበላው ከቤተሰቡ ጋር ነው። በአጥር የተያዘው ግን ደረቅ ሳር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሙዝ ይጣልለታል፤ ለብቻው ቆሞ ያላምጣል። እሱን ሳይ ንዴት አንገበገበኝ። ጥያቄው መልስ አገኘ፤ የቀረው ጠያቂው ነበር።

እግሬ ሲሻለኝ እዚያው ከተማ ምግብ ቤት ከፈትኩ። የነፍስ አባቴ «በቀልን ለእግዚአብሔር ተዪለት» ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን እሱ ስንቱን ይችላል፣ ይህችን እኔ ላግዘው እላለሁ።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን እኒያ ባለጸጋ ገበሬ ገቡ። አርጅተዋል፤ ረኃብም ፊታቸው ላይ ይታያል። ቤቱ ጢም ብሏል።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቤት ከፍተሽ ኑሯል?» አሉ።

እጅ ነስቼ ተቀበልኳቸውና ደጅ፣ ለብቻቸው በርጩማ ሰጠኋቸው። ትሪ ላይ ደረቅ ሳር ጎዝጉዤ፣ ጥሬ ጎመን፣ ካሮትና ሙዝ ደርድሬ አቀረብኩ።

«ምነው ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«የዝሆን ቀለብ ነው፣ አባባ። ምን እንደሚበላ ጠይቀው ነበር፤ መልሱን እስካገኝ ቆየሁብዎ። ቀኑም ጾም ነው፣ አይስጉ።»

ተመጋቢው በበሩ በኩል አንገቱን አሰገገ። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ሳቁ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ አልተነሱም። ሙዙን ላጡ፤ ለሁለት ቆርሰው እኩሌታውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንብላ» አሉ።

ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ እንድሰማ ስንት ዘመን ተስዬ ነበር። አንጀቴ ሊራራ ሲል ያዝኩት።

«ጠግቤያለሁ» አልኳቸውና ወደ ቤት ገባሁ።