አለቃው አጠገቤ ሲቆም

ጎንደር ውስጥ የአንድ ሆስፒታል በር ጠባቂ ሆኜ ስምንት ወር ሠርቻለሁ። ከኮላ ድባ የመጣሁት ግጥም ልጽፍ ነበር፤ ግጥም ግን እንጀራ አልሆነኝም። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጠዋት እወጣለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ከስንት ሰው ጋር ስነጋገር ውዬ አንድም ሰው በስሜ ሳይጠራኝ ይመሻል። ሥራዬ ሁለት ቃል ነበር፦ "ይግቡ" እና "አይቻልም"።

በመጀመሪያው ሳምንት የደንብ ልብስ አልደረሰኝም። በራሴ ሹራብ ቆሜ "አይቻልም" ስል ሰው ይስቅብኛል። አንዲት ሴትዮ የምሳ ዕቃዋን ደረቴ ላይ ገፋ አድርጋ "ዞር በል ወዲያ! አንተ ደግሞ የማን ነህ?" ብላኝ አልፋለች። በሁለተኛው ሳምንት ሰማያዊ ካፖርት ሰጡኝ። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይውጣል። ያችው ሴትዮ በማግስቱ መጥታ "ወንድሜ፣ ሰዓቱ ደርሷል?" ብላ ጠየቀችኝ። ድምፄ ያው የበፊቱ ነው።

እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። የጥበቃው ኃላፊ ከውትድርና የተመለሰ ሰው ነው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝ በአምስት ዓመት ነው። በስልክ "ከስምንት ሰዓት በኋላ ጠያቂ ይቅርና ዝንብ እንዳታስገባ" ሲለኝ "እሺ" እልና ስልኩን ዘግቼ ከሩቅ የመጣውን አስገባለሁ። አጠገቤ ከቆመ ግን አላስገባም። አንድ እሑድ ፒያሳ ላይ ቱታ ለብሶ አገኘኝና "ና እስቲ፣ ይችን ጆንያ ተሸከምልኝ" አለኝ። "ዛሬማ ራስህ ተሸከማት" ብዬው ተሳስቀን ተለያየን። ሰኞ በሩ ላይ ብቅ ሲል ግን ተረከዜን ገጥሜ ቆምሁ። ይህን ነገር በግጥም ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ኃላፊውን የበላዮቹ ተቆጥተውት ስለ ነበር ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወርደው መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ጠጥቷል። ከሳንጃ ወዲያ ካለ መንደር ሳይነጋ ተነሥተው መኪናው ኬላ ላይ ተይዞባቸው ነው የዋሉት። በመዳፋቸው በጨርቅ የተቋጠረ እምነት ይዘዋል፤ ከደብራቸው የመጣ የተባረከ አመድ።

"የኔ ልጅ፣ ልጄን ዐሥር ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ያስገቧታል አሉኝ። ግንባሯን ቀብቼ፣ መርቄያት ልመለስ። ቁጭ እንኳ አልል።"

ኃላፊው ከኋላዬ ነበር፤ ትንፋሹ ማጅራቴን ይነካኛል። "አልፏል በላቸው" አለኝ። ራሱ አላላቸውም።

"አያ፣ ሰዓቱ አልፏል" አልሁ።

"ምነው? ልጄ እኮ ናት።"

"ድገምላቸው" አለ ከኋላዬ።

"ነገ ይመለሱ።" ነገ ምን እንደሚያደርግላቸው እኔም አላውቅ።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ በአገራቸው ዳኛ ፊት እንደሚቆመው ሰው ወገባቸው ላይ አደገደጉና ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። አያቴ የሚሆኑ ሰው ለእኔ አደገደጉ። ዓይኔን ወደ አስፋልቱ አዞርሁ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው፤ መሳብ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። እንደገና አየሁ፤ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ።

ከጎኔ ሴቶችን የምትፈትሽ ባልደረባዬ ከወንበሯ ተነሣች።

"አያ፣ በዚህ ይምጡ።"

"ማን ፈቀደልሽ?" አለ ኃላፊው።

"ማንም። ከፈለግህ ጻፍብኝ።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ባለግጥሙ፣ ምን ተገትረሃል? ክፈተው እንጂ! ወይስ ቤት እስኪመታልህ ነው?"

ከፈትሁ። መቀርቀሪያው እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። "በስተቀኝ ነው፣ ሁለተኛው በር!" ብዬ ከኋላቸው ጮኽሁ፤ በአንድ ጊዜ ደፋር ሆንሁ። ኃላፊው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። እሷ ባትነሣ ኖሮ በሩ ተዘግቶ ይቀር እንደ ነበር እኔ አውቃለሁ። ያን ያህል ሰዓት በእጄ ይዤው የነበረው ብረት የእሷን አፍ ሲጠብቅ ነበር።

ሽማግሌው ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። አውራ ጣታቸው አመድ ነክቶታል።

"ደረስሁባት፤ እየሳቀች ነው የገባችው" አሉ ለባልደረባዬ። ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ የወለድሽው ይባረክ፤ እጅሽ አይጠር" እያሉ መረቋት። እሷ አጎንብሳ "አሜን፣ አሜን" ትላለች። እኔም ተራዬን እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ሰው እጁን ራሴ ላይ ካሳረፈ ዓመት አልፎታል።

እኔ ጋ ሲደርሱ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሙ። ልጃቸው እስክትወጣ ውጭ ሆነው ሊጠብቁ ነው።

"ጌታዬ፣ ልውጣ?" አሉኝ።

"አያ፣ እኔንም ይመርቁኝ" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ይውጡ" አልኋቸው።