የነነዌ ሰኞ የአይሪሽ ዳቦ

የአይሪሽ ሶዳ ዳቦ መጋገር የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። አትላንታ እንደገባሁ ያገኘሁት ሥራ አንድ የአይሪሽ መጠጥ ቤት ኩሽና ውስጥ ሳህን ማጠብ ነበር። አርባ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። የኩሽናው አለቃ ከአየርላንድ የመጣች አሮጊት ነበረች፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አፏ እንደኔ የማያርፍ። እሷም መጽሐፍ እያየች አትጋግርም፤ ስለዚህ ተግባባን። "እጄን እይ" ትለኛለች፣ አያለሁ።

ዳቦው ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና አሬራ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ለብቻዬ እንድሠራ የተወችኝ ቀን ማንኛውም ያገሬ ሰው ሊጥ ሲያይ የሚያደርገውን አደረግኩ። እስኪያልበኝ አሸሁት። ከዚያ በጨርቅ ሸፍኜ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩትና ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።

"ምን እየጠበቅህ ነው?" አለችኝ ጨርቁን ገልጣ።

"እስኪቦካ።"

"ይሄ አይቦካም! አሬራው ሶዳውን ከነካ በኋላ ጊዜ የለህም። አትሸው፣ አትጠብቀው፣ እሳት ውስጥ ክተተው!"

ያንን ሊጥ በእልህ ጋገረችው። ድንጋይ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ የጓሮውን በር እንዳይዘጋ ይዞ የቆመው እሱ ነበር፤ የገባው የወጣው "የኢትዮጵያ ዳቦ" እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳትኩም።

ሚስቴ ጥላኝ ስትሄድ ስማይርና በምትባል የአትላንታ ዳርቻ ከተማ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ዳቦ መጋገር ጀመርኩ። ዱቄቱን፣ ጨውና ሶዳውን በሰፊ ሳህን አደባልቅና መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ አሬራውን አፈስበታለሁ። ጣቶቼን እንደ ጭልፊት ጥፍር ከፍቼ ሁለት ሦስቴ አዞረዋለሁ፤ እንደተያያዘ አቆማለሁ። ድቡልቡል አደርገውና አናቱን በቢላ መስቀለኛ እሰነጥቀዋለሁ። መሃሉ እንዲበስል ነው እንጂ ለኔ ሌላ ትርጉም የለውም። ከኦቨን ሲወጣ ገልብጬ በጣቴ አንኳኳዋለሁ፤ ሰው የሌለበት ቤት ሲንኳኳ የሚሰጠውን ድምፅ ከሰጠ በስሏል ማለት ነው።

ችግሩ፣ ይሄ ዳቦ አያድርም። በማግስቱ ይደርቃል። ብዙ ሆነው ለሚበሉት ነው እንጂ ብቻውን የሚኖር ሰው ሩቡን በልቶ የቀረውን ይጥላል። አነስ አድርጌ ለመጋገርም ሞክሬ ነበር፤ የሕፃን ጭንቅላት አክሎ ሲወጣ አስጠላኝና ተውኩት።

ሰው ለምን ራቀህ ብትሉኝ፣ አፌ ነው። የሰው ሠርግ ላይ ተጠርቼ ሄጄ ሙሽራው ሰካራም መሆኑን ለሙሽሪት አጎት የነገርኩ ሰው ነኝ። ሰካራም ነበር። ቢሆንም አልተጠየቅሁም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስልኬ ዝም አለ። የቀሩኝ አባ ብቻ ነበሩ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ አድርገው ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ ቄስ። ይሄን የምጽፈው በሳቸው ትምህርት ነው።

አንድ እሁድ ትምህርታችንን ስንጨርስ፣ "ነገ ሊልበርን የማርያም ማኅበር አለ" አሉኝ። "የፈረንጅ በዓል ስለሆነ ሰዉ ሥራ የለውም። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ቴክሳስ ገባና ቦታው ክፍት ሆኗል። ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ። አይተውህ ከወደዱህ ጽዋው ያንተ ነው።"

"ካልወደዱኝስ አባ?"

"አንተ ብቻ ነገ አፍህን ያዝ። አንድ ቀን! ባዶ እጅህንም አትምጣ።"

ማኅበር እዚህ አገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። በዓመት አሥራ አንድ ወር ሰው ቤት ትጠራለህ፤ በአሥራ ሁለተኛው አንተ ሰዉን ትጠራለህ። ስትታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣ አለህ። ስትሞት ሬሳህን የሚረከብ አለህ። እኔ ይሄ አልነበረኝም። ፈልጌው ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ጠዋት ተነስቼ ትልቁን ዳቦ ጋገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ወጥቶልኝ አያውቅም። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ የመኪናው ጋቢና ላይ እንደ ሰው አስቀመጥኩትና ከተማውን አቋርጬ ሊልበርን ድረስ ነዳሁ። ባለጠጋ ሰፈር ነው፤ መኪናዬን ከሌሎቹ ራቅ አድርጌ ፓርክ አደረግኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ ገበታው ተዘርግቷል።

ገበታውን አየሁት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ዶሮ የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ።

ነነዌ ገብቷል። እኔ መጾም ካቆምኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ ቀን ሙሉ የአሳማ ስብ የተቃጠለበት መጥበሻ ስፈትግ እየዋልኩ ምኑን እጾማለሁ ብዬ ትቼዋለሁ። ሁዳዴን እንኳ ከሰው ወሬ አውቃለሁ። ነነዌ ግን ሦስት ቀን ነው፣ ቀኑም በየዓመቱ ይዘዋወራል። አባም አልነገሩኝም፤ የማያውቅ ክርስቲያን ይኖራል ብለው አልጠረጠሩም። ሰዎቹ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ፎጣውን ይዤ ወደ በሩ ልመለስ ስል የቤቱ እመቤት ደረሰችብኝ።

"እሰይ ጋሼ፣ ዳቦ ነው? ድፎውን የምታመጣው ልጅ መንገድ ላይ አደጋ ኖሮ ተዘግቶባት ቀረች!" ብላ ፎጣውን ገለጠችው። "ውይ! መስቀል እንኳ አድርገውበታል! አባ፣ ይኸው የጸበሉ ዳቦ!"

"አባ..." አልኩ።

"ቆይ፣ ጸሎት ነው" አሉኝ፤ ሰዉም ተነስቶ ቆመ። ሰው ሁሉ አቡነ ዘበሰማያት ሲል ማን ያቋርጣል? ባርከው ቆረሱት። ለእያንዳንዱ እጅ እጁ ላይ አኖሩለት። ለኔም።

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

"ይሄን እውነት አንተ ነህ የጋገርከው?" አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው፣ ኤርፖርት በዓይን የማውቀው ባለታክሲ እየጎረሰ። "ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የለሰለሰው! ሚስትህ ይሄን ሙያህን ብታውቅ ኖሮ ትተውህ ነበር?"

"ታውቅ ነበር። ዳቦውን ሁሉ በልታ ነው የሄደችው" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የባለታክሲው ሚስት እንባዋን እየጠረገች ጠላ ቀዳችልኝ። አንዷ የምሠራበትን ጠየቀችኝ፤ አንዱ ወንድሙን ሱዳን የት እንዳገኘው እያወራኝ ትከሻዬን ያዘኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጥኩ። ያንን አንድ ሰዓት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሰው እያወራኝ፣ እኔም እየመለስኩ፣ ማንም ሳይቀየመኝ። አሬራውን እያወቅኩ።

ኋላ የእመቤቲቱ እናት ከጓዳ ወጡ። ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው፤ መዝሙረ ዳዊታቸውን ሳይጨርሱ አልመጣም ብለው ነው። ልጃቸው የተቀመጠላቸውን ቁራሽ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። ሳሙት። ግንባራቸውን አስነኩት። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣

"አይብሉት እማማ!" አልኩ። "አሬራ አለበት።"

እሳቸው ቁራሹን ከአፋቸው መለሱት።

"ምን አለበት?" አለች እመቤቲቱ።

"አሬራ። የወተት አሬራ። ነነዌ መግባቱን አላወቅሁም ነበር።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ባለታክሲው። "እዚህ ስትደርስስ?"

"እዚህ ስደርስ አወቅሁ።"

"እያወቅህ ዝም ብለህ አበላኸን? ጾማችንን አስፈታኸን? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ!"

አባ እጃቸውን አነሱ። "በቃ፣ ሳታውቁ ነው የበላችሁት። እግዚአብሔር ይፍታ። አርባ አርባ ስገዱ። እሱም መቶ ይስገድ" አሉና ፈገግ አሉ። አንዲት ሴት ሳቀች። "እኔማ ጉልበቴ ነው የሚከፍለው" አለ ሌላው። ሊያልፍ ነበር እኮ። እምልላችኋለሁ፣ ሊያልፍ ነበር።

ባለታክሲው ግን አጉረመረመ፤ "ጾም ለማያውቅ ሰው ጽዋ ይሰጣል እንዴ?"

"አንተ ታውቃለህ?" አልኩት። "ባለፈው ሁዳዴ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሀምበርገር ስትገምጥ አላየሁህም? መስታወትህን ዘግተህ፣ አንገትህን ደፍተህ? ሰው የማያይህ መስሎህ?"

ሚስቱ አየችው። እሱ ምንጣፉን አየ። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላየም።

ተነሳሁ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳስር የእመቤቲቱ እናት ግድግዳውን ይዘው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ እኔን አተረፍከኝ፤ ማርያም ታትርፍህ። እነዚያስ? ለነሱ ምነው አልራራህ?"

"ጎልማሶች ናቸው፤ ይስገዱ" አልኳቸው። እንደዚህ ነው ያልኩት። ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው፦ ብናገር ያስወጡኛል ብዬ ነው እማማ፣ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው። ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው ሴት ይሄን ማለት ምን ነበረበት? አልወጣልኝም።

አባ መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"አሬራው ምንም አልነበረም። ያንን ሰው ግን በሚስቱ ፊት..."

"ውሸት ነው እንዴ አባ?"

"ውሸት ነው አላልኩም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ደክሞኛል" አሉኝ። "ማታ ይነጋገራሉ። የሚሉትን እነግርሃለሁ።"

ሳምንቱን ስልኩን ከአጠገቤ ሳላርቅ ሰነበትኩ። ሺፍት ላይ ሆኜ እንኳ በኪሴ ይዤው ሳህን አጠብኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ገና መጽሐፉን ሳይከፍቱ ነገሩኝ፤ ቦታውን ለአንዲት ነርስ ሰጥተዋታል። ጥሩ ሴት ናት አሉኝ። ልጆች አሏት።

"ባለታክሲው ነው የከለከለኝ?"

"እሱ አልተናገረም። ሚስቱ ናት አይሆንም ያለችው።"

ይሄን አልጠበቅሁም። ጠላ የቀዳችልኝ እሷ ናት።

"ሌላ ሰው ሲለቅ ደግሞ እንጠይቃቸዋለን" አሉኝ አባ። "ዓመትም ይፍጅ ሁለት። ትመጣለህ?"

"አልመጣም" አልኳቸው። "ግብዞች ናቸው። ቢለምኑኝም አልመጣም።"

ሰው ሁሉ "ሐቀኛ ነው፣ አፉ ነው እንጂ" ይለኛል። ይሄኛው ግን ውሸት ነበር። ቢጠሩኝ ከስማይርና ሊልበርን በእግሬ እሄድ ነበር። አልጠሩኝም።