የታምሩ ካሴት

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ካለው ከክብሩ ቤት ሙዚቃ ይወጣል። ጎረቤቱ ለምዶታል። ሚስቱ ብርቅዬ ሻዩንና ኦቾሎኒውን አቅርባ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች፤ በሩን ግን አትዘጋውም። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ በር በኩል የገባላት የጃዝ ክርክር ቢጻፍ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ክብሩ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሌላው ሹፌር ከመንገድ ሽንኩርትና ከሰል ጭኖ ሲገባ እሱ ካሴት ይዞ ይገባ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ የሚከፍተውም ጃዝ ብቻ ነው። ገና ዝዋይን ሳያልፉ ተሳፋሪው ማጉረምረም ይጀምራል።

«ሹፌር፣ ዘፋኙ የት ሄደ?» ይላል አንዱ።

«ሞጆ ላይ ይሳፈራል፤ ትንሽ ታገሡ» ይላል ክብሩ።

ሞጆ ሲደርሱም የሚሳፈር ዘፋኝ የለም።

ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ስልሳ ሦስት ሸክላ፣ ከአራት መቶ በላይ ካሴትና አንድ ካርቶን ሲዲ አለው። በቅርቡ ደግሞ አውራ ጣት የማታህል ፍላሽ ተጨምራለች። ፍላሿን ያመጣት መሃል ከተማ ስልክ የሚጠግነው አልአዛር ነው። አንድ ቀን የክብሩን ስልክ ሊሠራ ተቀብሎ ስለ ሳክስፎን ሲያወሩ ዋሉና፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ሦስተኛው ሰው ልብስ ሰፊው ሰኢድ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ይመጣል፤ ከሸክላ ሌላ አያምንም።

«በስልክ ጃዝ መስማት ዓሣን በፎቶ መብላት ነው» ይላል።

«ጋሽ ሰኢድ፣ ከሸክላ የሚሰሙት ግማሹ ጭረት ነው እኮ» ይለዋል አልአዛር።

«ጭረቱ ዕድሜው ነው! አንተስ ፊትህ ላይ መስመር ሲወጣ ልትፍቀው ነው?»

ብርቅዬ ጓዳ ሆና ትስቃለች። አንዲት ካሴት ስትነሳ ግን ሳቋን ታቆማለች። ያቺ ካሴት የታምሩ ናት።

ታምሩ የክብሩ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሐይቁ ዳር በነበረ ሆቴል ሳክስፎን ይጫወት ነበር። ብርቅዬም በዚያው ሆቴል ወጥ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ከክብሩ ጋር ያገናኛትም ታምሩ ነው። ባንዱ የሚጫወተው ቅዳሜና እሑድ ነበር። ክብሩ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ነው። «የሚመጣውን ቅዳሜ እቀራለሁ» እያለ ዓመታት አለፉ፤ ታምሩም ወንድሙ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ ሳይሰማው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ የሆቴሉ ባርማን አንዲት ካሴት ለክብሩ ሰጠው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት ባንኮኒው ላይ ቴፕ አስቀምጦ የቀዳት ናት። ሌላ ቅጂ የላትም።

ክብሩ ካሴቷን ሦስት ወር በኪሱ ይዟት ዞረ። አንድ ጠዋት ጨክኖ የአውቶቡሱ ቴፕ ውስጥ ከተታት፤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ቴፑ በላት። ክሩን ጎትቶ ሲያወጣው እንደ አንጀት ተጨማዶ ወጣ። ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና «በቃ፤ ሁለተኛ ቀበርኩት» አለ። በማግሥቱ ወደ መንገዱ ሄደ።

ብርቅዬ ዝም ብላ ልታያት አልቻለችም። ባርማኑ የተበጠሰ ካሴት በኩቴክስ ሲቀጥል አይታለች። የተጨማደደውን ቆርጣ ጣለች፤ ሁለቱን ጫፍ አገናኝታ በቀይ ኩቴክስ ቀባች፤ እፍ እያለች አደረቀችው፤ በቢክ እስክሪብቶም አጠነጠነችው። ክሩ በመሃል መዞሩን አላየችም።

ስትከፍተው ሙዚቃው እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ደህና ሄደ። ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ታፈነ፤ ሳክስፎኑ ቀስ እያለ ያብጥና ድንገት ይቆረጣል፤ የዝናብ የመሰለ ነገርም ይሰማል። ብርቅዬ ደነገጠች። ታምሩ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም፤ አሥር ዓመት በወጥ ቤቱ መስኮት ሰምታዋለች። «አበላሸሁት» አለች። ባሏ ሲመጣ ልትነግረው ቃል ስትመርጥ ሰነበተች።

ክብሩ መጣ። ካሴቷ ደህና መሆኗን ሲያይ «ምን አደረግሻት?» አላት።

«በእስክሪብቶ አጠነጠንኳት።» ይህ እውነት ነው፤ የእውነቱ ግማሽ።

እሱም ከፈታት። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። «ስሚ ብርቄ! ዜማውን ጥሎት ሄደ እኮ! ማንም ያልደረሰበት ቦታ ደርሶ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅነውም» አለ። ለቅሶው ሲያልቅ እህል ጠየቀ። ሦስት ወር ሙሉ በትእዛዝ የሚበላ ሰው፣ ራሱ ጠየቀ። ብርቅዬ ቃሏን ዋጠች።

እንደዋጠችው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነ። ሰዎቹ ግን በየወሩ ያቺን ካሴት ያነሷታል። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከታፈነው ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወደ ደህናው ይመጣል። ሰኢድ ይህን ሲያስረዳ ዓይኑን ይጨፍናል፦ «በአንዱ ገጽ ከቤቱ ይወጣል፤ በሌላው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ዝናቡ ደግሞ፣ የሐይቁ ዝናብ!» ብርቅዬ ይህን ስትሰማ ድስት መክደኛ ፍለጋ ትጎነበሳለች።

ዘንድሮ ነገሩ ጠና። አልአዛር ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላውንና ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ከርሞ፣ በቴሌግራም በከፈተው ቻናል ላይ ማውጣት ጀምሯል። አራት ሺህ ሰው ይሰማዋል። የታምሩ ካሴት ብቻ ቀርታለች። ክብሩም «ጊዜው ነው» ብሎ ተስማማ፤ ከካሴቷ ጋር የሚወጣውን ጽሑፍ በእጁ ጻፈ፦ «ከአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጀምሮ ወንድሜ በአገራችን ማንም ያልሞከረውን ይሞክራል።»

ብርቅዬ ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣች። እስካሁን ሦስት ሰው ቤት ውስጥ ቢሳሳት ምን ይሆናል? አሁን ግን አራት ሺህ ሰው ሊሰማ ነው፤ ከመሃሉ አንድ የሚያውቅ አይጠፋም፤ ያ ሰው ደግሞ በታምሩ ይስቃል። ብትናገር ክብሩ ወንድሙን ያጣል፤ ዝም ብትል ታምሩ መሳቂያ ይሆናል።

ቅዳሜ ደረሰ። ክብሩ ካሴቷ ከቤት እንዳትወጣ ስላለ አልአዛር ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ መገልበጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ጓዳ ገባ፤ ሻይ ግን አልጠየቀም።

«እማማ ብርቅዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺን ካሴት የቀጠላት ሰው አለ?»

«አለ» አለች። «እኔ ነኝ።»

አልአዛር ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሽርጧን ማሰሪያ ይዞ አሳያት። ማሰሪያው በአንድ በኩል አበባ አለው፤ በሌላው ባዶ ነው። «ክሩ እንዲህ መሄድ ሲገባው፣» አለና በመሃል አንዴ አዞረው፣ «እንዲህ ሆኗል። ከቀጠሉበት ወዲያ ቴፑ የሚያነበው በጀርባው ነው። ለዚህ ነው የታፈነው። የሚያነበውም የሌላውን ገጽ ነው፤ ከጅራቱ ወደ ራሱ።»

«አልተበላሸም?» እጇ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀረ።

«ምንም አልሆነም። ሙዚቃው እንዳለ አለ፤ ተገልብጦ ነው እንጂ። ከፈለጉ የገለበጥኩትን ቤቴ ወስጄ በኮምፒውተር አስተካክለዋለሁ፤ ለማንም አልናገርም። ለጋሽ ክብሩ መንገር…» አልጨረሰውም።

«አንተ አትነግረውም» አለች ብርቅዬ፤ እጇን በሽርጡ አደረቀችና ወደ ሳሎን ገባች።

ቆማ ነገረችው። ከኩቴክሱ እስከ ግማሿ እውነት፣ ምንም አላስቀረችም። አልአዛርም የክሩን ነገር አስረዳ። መጀመሪያ የተናገረው ሰኢድ ነው፦

«እና ያ የሐይቅ ዝናብ ያልነው?»

«ጭብጨባ ነው፣ ጋሽ ሰኢድ። ወደ ኋላ የሚሄድ ጭብጨባ።»

«አሥራ አምስት ዓመት ዓይኔን የጨፈንኩት ለኩቴክስ ነው?» አለ ሰኢድ። ሊስቅ ነበር፤ የክብሩን ፊት አይቶ ተወው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ክብሩ።

«አለቀስክ እኮ። ከቀብሩ ወዲህ አላለቀስክም ነበር። አለቀስክና እህል ጠየቅክ። ምን ልበልህ?»

ክብሩ የጻፈውን ወረቀት አነሳ፤ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። «እንግዲያ የያዝኩት ታምሩን አልነበረም» አለ። «ምንም አልቀረኝም ማለት ነው።»

«ያልሰማኸው ቀርቶሃል» አለች ብርቅዬ።

ክብሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ አልአዛር ዞረ። «ቁረጠው» አለ።

አልአዛር የካሴቷን አምስት ትንንሽ ብሎን ፈታ። ቀዩ ነጥብ አሁንም ክሩ ላይ አለ። ቆረጠው፤ የዞረውን ክር መለሰው፤ ለስልክ ሥራ በያዘው ቀጭን ፕላስተር ቀጠለው። ክብሩ ከፈተ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ መጣና አለፈ። ሳክስፎኑ አልታፈነም፤ የያዘውን ዜማ ቀስ ብሎ ይዞ ሄደ፣ ምንም እንግዳ ነገር ሳያደርግ። ብርቅዬ አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱ ነው፤ የምታውቀው እሱ።

ክብሩ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አጠፋው። «ደህና ነው» አለ። ከዚያ የጻፈውን ወረቀት ገፋ አደረገ፦ «ግን ተራ ነው፣ ብርቄ። ስንቱ እንዲህ ይጫወታል።»

ብርቅዬ በዚያ ሳሎን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «ተራ? አንተ አንድ ቀን መጥተህ ሰምተኸው ነው ተራ የምትለው?» አለች። ሰኢድ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። «ገልብጠው! በተቀዳበት እሑድ እዚያ ነበርኩ፤ ሁለተኛውን ገጽ ክፈተው!»

ክብሩ ገለበጠው። ትንሽ እንደሄደ ከኋላ የሚንቃጨል ነገር ተሰማ፤ ብረት ነገር ወለል ላይ ተበተነ። ወዲያው ሳክስፎኑ የያዘውን ተወና ያንኑ ድምፅ መለሰው፤ ተክ-ተክ-ተረረክ አለ። ሰው ሳቀ። ሳክስፎኑ ግን ቀልዱን አልተወውም፤ ደገመው፣ አዘገየው፣ ከዜማው ጋር አጋባው፤ መጨረሻ ላይ የወደቀው ነገር ከመጀመሪያውም የዘፈኑ አካል የነበረ እስኪመስል አጫወተው።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አለ ክብሩ፤ ተነስቶ ቆሟል።

«አንድ ትሪ ሙሉ ማንኪያ። እኔ ነኝ የጣልኩት። አለቃዬ ልትጮህብኝ አፏን ስትከፍት እሱ ያን ተጫወተ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ በዚያው ዳንኩ።»

«ይሄን ሳይዘጋጅ?»

«ማንኪያ እንደምጥል ማን ነግሮት?»

ሰኢድ ጭኑን መታ። «ይኸውላችሁ! ጃዝ ማለት ይሄ አይደል? ቃል እየፈለግንለት አርጅተን!»

ክብሩ ወደ ኋላ መለሰና ያቺን ቦታ እንደገና ሰማ። ሦስተኛም ሰማ። በሦስተኛው ከማንኪያው በፊት የነበረውን ቀስ ያለ ዜማ ሰምቶ ጣቱን አነሳ። «ይቺን ድምፅ ሰማሃት?» አለ ለአልአዛር፤ «ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይለቃታል። እሱ ያዛት።» ፊቱ እርጥብ ነው፤ ግን ተንፍሶ ነበር፤ እንደዚያ ሲተነፍስ ብርቅዬ ከአውቶቡስ ሲወርድ ብቻ ታውቀዋለች።

አልአዛር ማዳመጫውን ጠቅልሎ «ጽሑፉስ፣ ጋሽ ክብሩ? ዛሬ እንልቀቀው ወይስ ይቆይ?» አለ።

«ዛሬ» አለ ክብሩ። የድሮውን ወረቀት ቀደደና አዲስ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሰኢድን «ፈቀቅ በል» ብሎ ከጎኑ ያለውን ወንበር አስለቀቀው፤ ወንበሩንም ወደ ብርቅዬ ገፋላት።

«እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው» አላት። «የነበርሽው አንቺ ነሽ። በየት በኩል ነበር የሚቆመው?»

ብርቅዬ ተቀመጠች። «ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ» አለች። «ሰዉ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እሱ ወደኛ ይዞራል። ጻፈው።»

ክብሩ ጻፈ፤ ከዚያም እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቃት። «እሺ፤ ከዚያስ?»