ከኪት መቃብር የተከለከለች ቃል

ጎረቤቴ ራልፍ አይቨሰን የድንጋይ አጥር ካቢ ነው። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። አባቱ ኪትም በዚሁ የእንግሊዝ ሸለቆ ዕድሜ ልኩን ሲክብ ኖሮ አምና ሞተ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ፤ ራልፍ ግን ተቆጥቷል፣ ቁጣው እኔም ላይ ተጋብቷል።

አጥር ሲካብ ከሥሩ ጥንቸል የምትሾልክበት ቀዳዳ ይተዋል። ይህን ቀዳዳ በእኛ አፍ "ስሙት" እንለዋለን። ኪት፣ ባለ መሬቱ "ድፈነው!" እያለ ቢጮህበትም፣ አንድም አጥር ያለ ስሙት አልካበም። ራልፍ ታዲያ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ "ስሙት የማይነፍግ" ተብሎ እንዲቀረጽለት ፈለገ። ኪት በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ጽሑፉን ቄሱ ያልፈቀዱት ድንጋይ አይቆምም።

ቄሱ አንብበው ፈገግ አሉ።

"ይሄኮ እንግሊዝኛ አይደለም ራልፍ። የሰፈር ቋንቋ ነው። 'ደግ አባት' ብንለውስ?"

"ደግ አልነበረም። ሲበዛ ነጭናጫ ነበር። ስሙት ግን አይነፍግም።"

"ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም እኮ።"

"የእርስዎስ ቃላት ከየት እንደመጡ ማን ጠይቆዎት ያውቃል?" ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከተማ ወርዶ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የቃሉን ምንጭ ይፈልግ ጀመር። መጀመሪያ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች ያመጡት መስሎት ክረምቱን ሙሉ በከንቱ ባዘነ። በኋላ እዚያ የምትሠራ ሴት አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አወጣችለት። ድሮ ከኖርዌይ ባሕር ተሻግረው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች፣ ሾልኮ ለመግባት ይሉት ከነበረው ቃል ጋር ስሙት ዘመድ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ይህን ሲነግራቸው የቄሱ ዓይን በራ።

"የቫይኪንግ ቃል! ታዲያ ይፈቀዳል እንጂ! ድንጋዩ ሲቆም እኔ ራሴ ስለ ቫይኪንጎቹ ትንሽ እናገራለሁ።"

የራልፍ ፊት ደም መሰለ። "አባቴ ሲለው የሰፈር ቋንቋ፣ ከሞተ ሺህ ዓመት ያለፈው የባሕር ወንበዴ ሲለው ወርቅ ሆነ?"

"እንደዚያ ማለቴ..."

"ነው እንጂ! የአባቴ አፍ አልበቃዎትም!"

ድንጋዩ ቃሉን ይዞ ቆመ። ቄሱ የንግግር ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ራልፍ ፊታቸው ተገተረ።

"ግቢው የእርስዎ ነው፤ አላባርርዎትም። ስለ ቫይኪንግ ግን ትንፍሽ ካሉ፣ ድንጋዩን ነቅዬ ቤቴ እወስደዋለሁ።"

ቄሱ ወረቀቱን አጥፈው አጭር ጸሎት ብቻ አደረሱ። ሲጨርሱ እጃቸውን ለራልፍ ዘረጉ፤ አልጨበጣቸውም። እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ እጄን ግን ከኪሴ አላወጣሁም።