ናሂዳ በሌለችበት የተጠጣ ቡና

ናሂዳ ከእኔ በታች፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በደም ባንክ ላቦራቶሪ ሠርታለች። እኛ ጠበርቡር ሰፈር የምንኖር ሰዎች በዮርዳኖሷ አማን ከተማ ውስጥ የማንም ምሥጢር አይደበቅም ብለን እንፎክራለን፤ ግን ይህች ሴት ከደጃችን ስትወጣና ስትገባ ምን እየተሸከመች እንደሆነ ከመካከላችን አንድም ሰው አያውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለግንም።

ስለ እሷ የምጽፈው ልቤ ራርቶ አይደለም። ነገሩ ስለሚያቅለሸልሸኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተማርኩ፣ ጎረቤቶቼም ለዚሁ «ኡስታዝ» የሚሉኝ ሰው ነኝ። ከመነሻው ወደ መደምደሚያው እንዴት እንደሚኬድ ለስንቱ ወጣት አሳይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ሰው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ካባ ደርቦ ምን እንዳደረገ ሳስበው፣ መጽሐፎቼን በሙሉ አውጥቼ ደረጃው ላይ ብጥላቸው ደስ ይለኛል።

ናሂዳ ሥራ የምትሄደው በጋራ ታክሲ ነበር። የኋላው ወንበር ሦስት ሰው ይይዛል። መጀመሪያ ሰሞን ዳር ይዛ ትቀመጥ ነበር። ከጎኗ የሚቀመጠው ሰው መጀመሪያ ጉልበቱ ይመጣል፤ ዞር ስትል እጁ ይከተላል፤ ቀና ብላ ስታየው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። በመጨረሻ የሁለት ሰው እየከፈለች የመሀሉን ወንበር ባዶ ማስቀመጥ ጀመረች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሄደች። ይህን ደረጃው ላይ ቆማ የነገረችኝ ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነበር። እኔም «ብልህ ነሽ» አልኳት። ዛሬ ያ መልሴ ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመርረኛል። አንዲት ሴት ሰውነቷ እንዳይነካ ሃያ ዓመት ግብር ትከፍላለች፤ የሎጂክ መምህሩ ደግሞ ስለ አከፋፈሏ ያመሰግናታል።

ወሬው የመጣው መኪና ልገዛ ነው ስላለችኝ ነበር፤ ለዚያውም የኤሌክትሪክ።

«ደህና አሮጌ የቤንዚን መኪና ሞልቶ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ሞልቷል። ግን ኡስታዝ፣ ቤንዚን ከሆነ በየሳምንቱ ማደያ መሰለፍ አለብኝ። መስኮት ከፍቼ ማውራት አለብኝ። ከዚያ ዘይት አለ፣ ካንዴላ አለ፣ ጋራዥ አለ። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬን ተከትዬ ጋራዥ ሄጄ አውቃለሁ። ሰባት ወንድ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን ትቶ እኛን ያያል።»

«ኤሌክትሪኩ ታዲያ ጋራዥ አይገባም?»

«ይገባል፣ በስንት ጊዜ አንዴ። ምግቡን ግን ከቤቴ ይበላል። ማታ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት ነቅዬ እሄዳለሁ። ‹ባልሽ የት ሄዶ ነው› የሚለኝ የለም።»

ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ሴቶች አምስቱ እንዲህ ያለ መኪና ገዝተው ነበር። በስልክ እየተጻጻፉ ስለ ባትሪ ያወራሉ፤ የትኛው በብርድ ጊዜ ቶሎ ይደክማል፣ የትኛው የአማንን ዳገት ይችላል፣ የትኛው ሻጭ ይዋሻል። እኛ ወንዶች ሴቶች ስልክ ላይ ስለምን እንደሚያወሩ የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ዘርቃ ነፃ ቀጠና ሄዳ መኪና ስትመርጥ ወንድሟን ሙንተሲርን ይዛ ሄደች፤ ብቻዋን ብትሄድ ዋጋ የሚነግራት የለምና። ሻጩ ዓይኑን ከሙንተሲር ላይ አልነቀለም።

«ባትሪው ከመቶ ዘጠና አምስት ነው፣ ወንድሜ። እንደ አዲስ ነው» አለው።

ናሂዳ ከመሪው ሥር የባትሪውን አቅም የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ሰክታ ስልኳን ታያለች። «ሰማንያ አንድ ነው» አለች።

«ለእህትህ ንገራት፣ ይሄ ነገር ሙያ ይፈልጋል።»

«እህቱ እዚሁ ቆማለች። ለራሷ ንገራት» አለችና መሣሪያውን ነቅላ ወደሚቀጥለው ሻጭ ሄደች። በአራተኛው ሻጭ ዘንድ ዘጠና ሦስት የሚያሳይ ትንሽ ነጭ የቻይና መኪና አገኘች። በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ስም ገዛችው። ሙንተሲር «በእኔ ስም ቢሆን ይሻልሽ ነበር» ብሎ ነበር። ለምን እንደሚሻላት ግን አላስረዳም።

ችግሩ ከመሬት በታች ነበር። በእኛ ሕንፃ እያንዳንዱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለው፤ በቤቱ ሰነድ ላይ ተጽፏል። የናሂዳ ሰባተኛው ነው። አሥራ አንድ ዓመት መኪና ስላልነበራት፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቡ ሃዚም አሮጌ ጎማዎቹን፣ የተሰበረ ፍሪጁንና ሁለተኛ መኪናውን አስገብቶበታል። ናሂዳ ቦታዋን እንዲለቅላትና ከራሷ ቆጣሪ እስከዚያ ድረስ መስመር እንደምታስዘረጋ በትሕትና ነገረችው።

አቡ ሃዚም ስለ ጎማዎቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ እሳት ነበር ያወራው።

«ባትሪ ይፈነዳል። ልጆቻችን ተኝተው ሊቃጠሉ ነው» አለን ኮሚቴው ሲሰበሰብ። ይህን ሲናገር ለክረምቱ ማሞቂያ ናፍጣ የምናጠራቅምበትን ትልቅ በርሜል ተደግፎ ሲጋራ ያጨስ ነበር። አይቼዋለሁ። ሁላችንም አይተነዋል። ማንም አልሳቀም።

የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከቤት ባለቤቶቹ ከግማሽ በላይ ይፈርሙልሽ አላት። አሥር ቤት ነን፤ ስድስት ፊርማ ማለት ነው። ናሂዳ ወረቀቱን ይዛ በየበሩ ልትዞር መሆኑን አቡ ሃዚም ሲሰማ እኔ ዘንድ ወጣ።

«ኡስታዝ፣ ሽማግሌ ሆነን ዘርቃ ሙንተሲር ጋ ልንሄድ ነው። እርስዎ ካልመሩን ነገሩ ሞገስ የለውም።»

«ሄደን ምን እንጠይቃለን?»

«ምን እንጠይቃለን ይላሉ እንዴ? ጎረቤት አይደለን? ነገር ሳይከር ልናበርድ ነው።»

ሌላ አልጠየቅሁም። ሽበቴን ፈልገው ነበር፤ እኔም ሽበቴ ሲፈለግ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ከሕንፃውና ከሰፈሩ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። ሙንተሲር የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነው። በሕይወቱ አሥራ አንድ ካባ የደረበ ሰው ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ቡናው ተቀድቶ ፍንጃሉ መጀመሪያ ለእኔ ተሰጠኝ። እንደ ወጉ ሳልቀምሰው ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ሌሎቹም እኔን ተከትለው አስቀመጡ።

«ሙንተሲር» አልኩት፣ «ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ጉዳያችንን ሳትሰጠን ቡናህን አንጠጣም።»

እኛ ዘንድ የሰው ትልቅነት የሚለካው እዚህች ላይ ነው። ስስታም ሰው ‹ጉዳያችሁ ምንድን ነው?› ይላል። ትልቅ ሰው ግን ሳይሰማ ይሰጣል። ሙንተሲር ትልቅ ሰው መሆን አማረው።

«አብሽሩ፣ ደስ ይበላችሁ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የመጣችሁበት ነገር ምንም ይሁን ምን ተሰጥቷችኋል። ቡናችሁን ጠጡ።»

ጠጣሁ። አሥሩም ጠጡ። ከዚያ አቡ ሃዚም ጉሮሮውን ጠራረገና የመጣንበትን ተናገረ፤ መስመሩ አይዘረጋም፣ ሰባተኛው ቦታም ከኮሚቴው እጅ አይወጣም። ሙንተሲር ለአፍታ ፊቱ ተለዋወጠ። ቃሉ ግን ወጥቷል፣ ቡናውም ተጠጥቷል። ትከሻውን ነቅንቆ «ሴት ናት፣ ትለምደዋለች» አለ። ጣፋጩ ኩናፋ ቀረበ። በላን። እኔም በላሁ፤ ሽሮፑ ጣቴ ላይ እስኪዝረበረብ ድረስ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወሬው ደራ።

«ይቺ ልጅ መኪና ሳይሆን ባል ነበር የሚያስፈልጋት» አለ አንዱ።

«ባልም ቢሆን ቻርጅ ይፈልጋል፤ በማን ቆጣሪ ታደርገው ነበር?» አለ አቡ ሃዚም።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ፈገግ ብያለሁ፤ በጨለማ እንኳ አልነበረም፣ ሁሉም አይቶኛል። ስለ በጎነት ስንት ዓመት አስተምሬ፣ መጥፎ ቀልድ ሲመጣ ፊቴን እንኳ አጥብቄ መያዝ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ናሂዳ በሬን አንኳኳች። ገብታ አልተቀመጠችም።

«ኡስታዝ፣ ትናንት ወንድሜ ቤት ቡና ጠጡ?»

«ጠጣሁ።»

«ማቆሚያው በማን ስም ነው?»

«በስምሽ።»

«መኪናውስ?»

«በስምሽ ነው፣ ልጄ።»

«ቆጣሪውስ?»

«እሱም በስምሽ።»

«ታዲያ ሙንተሲር የሰጣችሁ ምኑን ነው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቼ አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ አቅርቦልኝ አያውቅም። መልስ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት «ቃሉን ሰጥቶናል» የሚል ነበር።

«እንግዲያው ቃሉን እሱ ይጠብቅ። እኔ የሰጠሁት የለም፣ የጠጣሁትም የለም።» ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ስድስት ፊርማ ያስፈልገኛል። ይፈርሙልኛል?»

«የሽማግሌዎቹ አፍ እኔ ነበርኩ፣ ናሂዳ። ትናንት ተናግሬ ዛሬ ብፈርም ምን ይሉኛል? ጥቂት ቀን ስጪኝ።»

«እሺ» አለች። አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ ወረደች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለማሰብ የእሷ ዓይነት ጭንቅላት ያስፈልጋል። በእኛ ሕንፃ ውስጥ ቤቱን በሚስቱ ስም ያዞረ ባል ብዙ ነው። አንዱ ከሸሪኩ ጋር ሲጣላ ንብረቱ እንዳይያዝበት ብሎ ነው፤ አንዱ መንግሥት ሥራ ላይ ሆኖ ሰው እንዳያወራበት ነው፤ ሌላው ሁለተኛ ሚስት ሲያምረው አማቱ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ አስፈርሞት ነው። ወረቀቱ በሴቶቹ ስም ይሁን እንጂ እነሱን ባለቤት ብሎ የሚቆጥር አልነበረም፤ እነሱ ራሳቸውም እንደዚያው። ናሂዳ መዝገብ ቤት ሄዳ ሁሉንም አየች። ከአሥሩ ቤት ስድስቱ የሴት ነው። እሷን ጨምሮ።

በሦስት ቀን የራሷን ጨምሮ አምስት ፊርማ ሰበሰበች። ስድስተኛዋ ሴት ኡሙ ሃዚም ናት፤ የአቡ ሃዚም ሚስት። የቀሩት ሦስት ወንዶች ከአቡ ሃዚም ጋር ስለነበሩ፣ የጎደለው ፊርማ ወይ የእሷ ወይ የእኔ ነበር። ኡሙ ሃዚም በባሏ ላይ ትፈርማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነገሩ በእኔ እጅ ላይ ወድቋል ማለት ነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ አውቄም ቤቴ ተቀምጬ አሰብኩ። ስለ ቃል ክብር አሰብኩ። ስለ ጉርብትና አሰብኩ። ስለ አንድ ሰው ሕሊናና ስለ ብዙኃን ወግ አንድ ሙሉ ትምህርት በልቤ ሰጠሁ። ሰው ፈሪ ሲሆን ሐሳቡ እንዴት እንደሚረቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ብዕሬን ይዤ ወረድኩ። የናሂዳ በር ገርበብ ብሏል። ኡሙ ሃዚም የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የጎመን መክተፊያ ቢላዋ በእጇ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«እህቴ ማዳባ ከተማ ናት» እያለች ነው። «አምስት ወር አላየኋትም። ውሰደኝ ስለው ‹ቤንዚኑ› ይለኛል። ይሄ ያንቺ መኪና ማዳባ ድረስ ይደርሳል?»

«ደርሶ ይመለሳል። ደግሞ ደርሶ ይመለሳል።»

«ሳይሞላ?»

«ሳይሞላ።»

«እኔንስ መንዳት ታስተምሪኛለሽ?»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አስተምርሻለሁ።»

«እሱ ቤቱን በስሜ ሲያዞር ‹ፈርሚ› አለኝ፣ ፈረምኩ። ምን እንደሆነ እንኳ አላነበበልኝም። ይሄን ግን አንቺ አንብቢልኝ።»

ናሂዳ ቃል በቃል አነበበችላት። ኡሙ ሃዚም ቢላዋውን አስይዛት ፈረመች፤ ሙሉ ስሟን፣ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እየሳለች።

እኔም ብዕሬን እንደያዝኩ ጠጋ አልኩ። «ልፈርም መጥቼ ነበር» አልኩ።

ኡሙ ሃዚም ሻሿን አስተካክላ ሳታየኝ ወጣች። ናሂዳ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ሞልቷል፣ ኡስታዝ።»

«ትርፍ ፊርማ አይጎዳም።»

«ሠራተኞቹ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይመጣሉ። አቡ ሃዚምን ካገኙት ጎማዎቹን ከዚያ በፊት እንዲያነሣ ይንገሩልኝ።» ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «ሙንተሲር ትናንት ደውሎ ‹ፊቴን አጥቁረሻል፣ ከእንግዲህ እህት የለኝም› ብሎኛል። እማዬ እስካሁን አልሰማችም። እሷ ፊት አያንሡብኝ።»

«አላነሣም» አልኩ። «ግን ልጄ፣ ስሜ እዚያ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል።»

«ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም» አለች።

ወረቀቱን አየሁት። ከኡሙ ሃዚም ስም በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር።